የተቆረጡት አራት ቡሎኖች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። አቃቂ ገበያ አጠገብ ከሚቆመው አዟሪ እገዛለሁ። ኪሴ ባዶ የሆነ ሳምንት ደግሞ ጸጉር ቤት ተቀምጬ አነበዋለሁ። ሰሞኑን ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፎቶው ላይ ስምምነት የሚፈራረሙ ሰዎች አሉ። እስክሪብቶ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ባንዲራ ተሰቅሏል። መፍቻ የያዘ ሰው ግን የለም። እኔ መፍቻ ከሚይዙት ወገን ስለሆንኩ የበኩሌን ልበል ብዬ ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በፓምፕና በኤሌክትሪክ ጥገና ስሠራ 26 ዓመት አለፈኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ደግሞ ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። ቡና ስንጠጣ የሌላ ፋብሪካ ልጆች የሚያወሩት ከኛው ጋር አንድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፋብሪካችን ትልቅ የማስፋፊያ ፕሮጀክት ጀመረ። አዲስ ማሽን፣ አዲስ ፓኔል፣ አዲስ የውሃ መስመር። ማሽኑን የሚተክለው የውጭ ኩባንያ ነው። የግንባታውን ሥራ የያዘው የአገር ውስጥ ኮንትራክተር ነው። መሐል ላይ አማካሪ አለ። ውሉ ውስጥ «የእውቀት ሽግግር» የሚል አንቀጽ እንዳለ በስብሰባ ተነገረን፤ አጨበጨብን። እኔም ከፋብሪካው በኩል ከተካዮቹ ጋር እንድሠራ ተመደብኩ።

ከግቢው ጀርባ ውሃ የምንስብበት ሰፊ የኮንክሪት ጉድጓድ አለ። ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። ሥራው ሲጀመር ግድግዳው ተፍቆ በሲሚንቶ እንዲለሰን ተወሰነ። ከአፉ ሁለት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አራት የዛጉ ቡሎኖች ከግድግዳው ወጥተው ይታዩ ነበር። እያንዳንዱ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ሆነው ቆመዋል። ግንበኛው «ይሄ ነገር ያስቸግረኛል» አለ። ሳይት መሐንዲሱ ስዕሉን ዘርግቶ አየ። ስዕሉ ላይ የሉም። «ይቆረጡ» አለ።

ግራይንደር ይዤ በመሰላል ወርጄ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከሰዓት በኋላ ግንበኛው መጥቶ ለሰነው። ግድግዳው አዲስ ቤት መሰለ።

ፓምፑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተተከለ። ሙከራው የተደረገው በነሐሴ ነው። ያኔ ውሃው እጅ ሊነካው ምንም አይቀረው። ፓምፑ ድምፁ እንኳ ሳይሰማ ውሃውን ሽቅብ ላከው። ርክክቡ ተፈረመ፤ በግ ታረደ። አሥራ ሁለታችን ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ከነአበሉ ሠለጠንን፤ የምስክር ወረቀትም ተቀበልን። ሥልጠናው ይህን ያህል መጥፎ አልነበረም፤ ምሳው ደግሞ ግሩም ነበር። ብቻ አሠልጣኙ ያሳየን የፓምፑን ስላይድ ነው። ፓምፑ ራሱ አቃቂ ነበር።

የካቲት ሲገባ ፓምፑ መጮኽ ጀመረ።

መጀመሪያ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔት የተበላ መሰለኝ። እኛ ኩሽኔት የምናዳምጠው በካቻቢቴ ነው። ጫፉን ሞተሩ አካል ላይ አስደግፈህ እጀታውን ጆሮህ ሥር ታደርገዋለህ። ጤነኛ ኩሽኔት እንደ ንፋስ ሽው ይላል። የተበላ ኩሽኔት ያንኳኳል። ያን ቀን የሰማሁት ሁለቱንም አይደለም። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚያንገዋልሉ ነው የሚመስለው። ፈታነው፤ ጠጠር የለም። ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር ግን ቅንቅን የበላው እንጨት ሆኗል።

ቀየርነው። ወር ሳይሞላው ያው ጩኸት ተመለሰ። ለተካዮቹ ተጻፈላቸው። መልሳቸው «ውሃችሁ ቆሻሻ ስለሆነ መምጠጫው ላይ ወንፊት ግጠሙ» የሚል ነበር። ገጠምን። ጭራሽ ባሰበት። (ለምን እንደባሰበት ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ወንፊቱ ውሃው ላይ ሌላ እንቅፋት ጨመረበት።) ሁለተኛውም ኢምፔለር ተበላ። ማታ ማታ ፓምፑ ሲቆም ማሽኑ ይቆማል፣ ማሽኑ ሲቆም ሽፍቱ ያዛጋል፣ አለቃው ስልክ ይደውላል።

ሦስተኛውን ኢምፔለር ለማውጣት የተበላውን ይዤ ስቶር ሄድኩ። እዚያ ያሉት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት የፋብሪካው ሜካኒክ ነበሩ። ዐይናቸው ሲደክም ንብረት ክፍል አስቀመጧቸው። የተበላውን ብረት ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«በበጋ ነው አይደል የተበላው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። እንዴት አወቁ?»

«ፓምፑን አላወረዳችሁትም እንዴ?»

«ወዴት ነው የምናወርደው?»

«ቡሎኖቹ ላይ ነዋ!»

እዚያው እንደቆምኩ ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። በደርግ ጊዜ የነበረው ፓምፕም እንዲሁ በየበጋው ይበላ ነበር። ጋሼና ጓደኞቻቸው ከአሮጌ ክሬን የተረፈ ብረት በጥሰው ተንሸራታች መቀመጫ ሠሩለት። በኅዳር ውሃው መሸሽ ሲጀምር ፓምፑን በሰንሰለት ማንሻ ሁለት ሜትር ዝቅ አድርገው አራቱ ቡሎኖች ላይ ያስሩታል። በሰኔ፣ ጎርፉ ሞተሩን ሳያገኘው፣ መልሰው ያወጡታል። ፈረንጅ አላስተማራቸውም። መጽሐፍም አላዩም። ዓመት በዓመት እየተበላባቸው፣ እየሞከሩ ያገኙት ነው። ኋላ ፋብሪካው የጉድጓድ ውስጥ ጠላቂ ፓምፕ ገዛ፤ መቀመጫው ተነቅሎ ለቁራሌው ተሸጠ፤ ቡሎኖቹ ብቻ ቀሩ።

ምክንያቱን ጋሼ አያውቁትም፤ «ይሄ ጉድጓድ በበጋ ይሸሻል» ነው የሚሉት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የቆየ የትምህርት ደብተሬን ገለጥኩ። ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን እንጂ የሚገፋለት አየሩ ነው። ፓምፑ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይቀንሳል፤ ከውጭ ያለው አየር ጉድጓዱን ተጭኖ ውሃውን ወደ ላይ ይሰድደዋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ አየር ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያወጣል። አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ጉልበቱ 8 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ «7 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ እኛ ዘንድ 5 ሜትር ገደማ ላይ መጨነቅ ይጀምራል። የኛ ውሃ በመጋቢት ከፓምፑ 6 ሜትር ተኩል ይርቃል። ግፊቱ እንዲያ ሲወርድ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋ ይሠራል። አረፋው ኢምፔለሩ ላይ ሲደርስ ይፈርጣል፤ ሲፈርጥ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ጠጠር መስሎ የሚሰማው ያ ነው።

ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ናት። አቃቂ የመጣች ሰሞን «እዚህ አገር ንፍሮ አይበስልም» እያለች ታማርር ነበር። እኔ ምድጃው ነው እላት ነበር። ለካ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ላይ ነው። እሷ በድስት ያወቀችውን አማካሪው በኮምፒውተር አላገኘውም። ሞተሩም ቢሆን ያው ነው። ብዙ ሞተር የተሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ በደንብ ስለማያቀዘቅዘው ጭነቱ መቀነስ አለበት፤ ወይ ደግሞ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ መግዛት ነው። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁታል። የግዢ ሰነድ ላይ ግን ማንም አይጽፈውም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። «ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው። ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። ቀጥለውም «ደግሞ ሙያ በልብ ነው» አሉኝ።

ይህን አባባል ልጅ ሆኜ ጀምሮ እሰማዋለሁ። እንደሚገባኝ አባባሉ ጉራ አትንዛ፣ ሥራህ ይናገር ለማለት ነበር። እኛ ግን ሌላ ትርጉም ሰጥተነዋል፤ ያወቅኸውን ደብቅ፣ ካልደበቅኸው ትራባለህ። ጋሼም የራሳቸው ቁስል አለባቸው። አንድ ጊዜ የሚያፈስ ማሽን በራሳቸው ዘዴ አስተካከሉ። ዘዴውን ለአለቃቸው አሳዩ። አለቃው በስሙ ጽፎ አቀረበው፤ ሽልማት ተቀበለ፤ ውጭ አገርም ተላከበት። ጋሼ ከዚያ ወዲህ አፋቸውን ዘጉ። እፈርድባቸዋለሁ? አልፈርድም።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። የድሮው ቦይለር ፓኔል ውስጥ በክረምት ጠዋት እርጥበት እየገባ የሚያስቸግር ሪሌይ (ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ፓኔሉ ውስጥ ባለ 60 ዋት አምፖል አብርቶ ማሳደር። እኔ ግን ሌሊት በተደወለልኝ ቁጥር እመጣለሁ። ሰዎቹን «እስቲ ራቅ በሉ፣ ኤሌክትሪክ ነው» እላለሁ። አምፖሌን አስገብቼ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። ማሽኑ ይነሳል። ትርፍ ሰዓት ይሞላልኛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ልጆቼ በዚያ አምፖል ደብተር ገዝተዋል ብል ውሸት አይሆንም።

እንግዲህ ይታያችሁ። ያ አንቀጽ፣ የእውቀት ሽግግር የሚባለው፣ እዚህ መሐል ነው የሚገባው። ጋሼ ደብቀዋል። እኔ ደብቄያለሁ። የውጭ ኩባንያው ማሽኑን የሚያዝዘውን ኮምፒውተር፣ የፒኤልሲውን፣ ፕሮግራም በፓስወርድ ቆልፎ ሄዷል። አማካሪው ስዕሉ ላይ የሌለውን ነገር እንደሌለ ቆጥሯል። ሁሉም ግን ሪፖርት ላይ «12 ሠራተኞች ሠልጥነዋል» ብሎ ፈርሟል። ከአሥራ ሁለቱ ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ ያለነው አምስት ነን። የቀሩት የምስክር ወረቀቱን ይዘው የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ሄዱ። ብልህ ናቸው።

ይህ የኛ ድህነት ያመጣው ብቻ ነው እንዳትሉኝ። ሁለተኛዋ ልጄ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። ይህን ታሪክ ስነግራት ሳቀችና «አባዬ፣ አሜሪካኖቹም ቡሎን ቆርጠዋል እኮ» አለችኝ። ፎግባንክ የሚባል፣ የኑክሌር መሣሪያ ውስጥ የሚገባ ምስጢራዊ ቁስ ነበራቸው። ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ1989 አቆሙ። ከዓመታት በኋላ የድሮ መሣሪያዎቻቸውን ሲያድሱ እንደገና አስፈለጋቸው። የሚያውቁት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል፤ የተጻፈው ጥቂት ነው። አዲስ ፋብሪካ ሠርተው፣ የድሮውን ሂደት ተከትለው ቢያመርቱ እንደ ድሮው አልሆን አለ። ኋላ ሲደረስበት የድሮው ጥሬ ዕቃ ውስጥ አንድ ቆሻሻ ነገር ነበረ። ለካ ሥራውን የሚያሠራው እሱ ኖሯል። ዘመናዊው ማጣሪያ ጥርግ አድርጎ አወጣው። የድሮዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው አላወቁትም ነበር። ይህን ስሰማ ለጋሼ አዘንኩ፤ ለራሴም ትንሽ ቀለል አለኝ። ሰው የሚያውቀውን ሁሉ እንደሚያውቅ አያውቅም። ቢጠየቅ እንኳ ሁሉንም አይናገረውም። አብሮት የሚሠራ ሰው ያስፈልገዋል።

ደግሞ ከፈረንጆቹ አንድ ደስ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ዜሮክስ የተባለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ኩባንያ ጥገና ሠራተኞቹን ወፍራም መመሪያ አስይዞ ይልካቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ አጥኚ አብሯቸው እየዞረ ሲያይ፣ ሰዎቹ ከባድ ብልሽት የሚፈቱት ቁርስና ምሳ ላይ በሚያወሩት ወሬ ነው። «ያቺ ማሽን እንዲህ ስትል እኔ እንዲህ አደረግኋት» ይባባላሉ። ኩባንያው ወሬኞች ብሎ አልቀጣቸውም። ኋላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ጀምሮ ዩሬካ የሚባል መዝገብ አዘጋጀላቸው። ሠራተኛው ያገኛትን ዘዴ ይጽፋል። ሌሎች ሠራተኞች ሞክረው እውነት መሆኗን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ለሁሉም ትከፈታለች፤ ከሥሯ የጻፈው ሰው ስም አለ።

ስሙ አለ! ለጋሼ የተነፈጋቸው ይህ ብቻ ነው።

እኛም እኮ ወሬው አለን። ከፋብሪካው በር ወጣ ብላ ጀበና ቡና የምታፈላ እህት አለች። አምስት በርጩማ፣ አንድ ከሰል ማንደጃ፣ ከላይ ሸራ። ሌሊት ሽፍት የወጣን ሜካኒኮች ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያ እንገናኛለን። የኛ፣ የጎረቤት ፋብሪካ፣ አንዳንዴም ከቂሊንጦ በኩል የሚመጡ ልጆች። አንዱ የተቃጠለ ካርድ ከኪሱ ያወጣል። ሌላው በካርቶን ቅዳጅ ላይ የገመድ ስዕል ይሥላል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ የቫልቭ ላስቲክ ገበያ ላይ ጠፍቶበት ከከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀዶ እንዴት እንደገጠመ አሳየን። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ፋብሪካ ውስጥ ያው ላስቲክ ተገጥሟል። የትኛውም ሪፖርት ላይ አልገባም። እህታችን ብቻ ሳታውቀው ትሰማለች። አሁን አሁንማ «ኮንታክተሩን አይታችሁታል?» ብላ ትጠይቀናለች። አንዳንድ ሱፐርቫይዘር ከሚያስበው በላይ ታውቃለች፤ ቀልዴን አይደለም።

ይህችን በርጩማ ግቢ ውስጥ አስገቡልን ብለን ጠይቀን ነበር። «የሥራ ሰዓት ይባክናል» ተባልን።

የሚቻል ነገር መሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ተመልከቱ። ስምምነቱ ቲደብልዩኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተደረገ። አብራሪውም፣ ሜካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን፣ ዓለማየሁ አበበ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 በረሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የተሾሙት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ቁጠሩት፤ 25 ዓመት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ አንድ ሞተር ላይ አብሮ እጅን አቆሽሾ፣ ትምህርት ቤት ከፍቶ። ያ ነው ሽግግር ማለት። ሦስት ቀን ቢሾፍቱ ሄዶ ሽግግር የለም። (ሥልጠናው ላይ የነበረው ክትፎ ግን አሁንም ትዝ ይለኛል።)

ከአቪዬሽን ሳልወጣ አንድ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚይዘው የስህተት መዝገብ አለ። አብራሪው ወይ ቴክኒሻኑ «እንዲህ ተሳሳትኩ፣ ልወድቅ ትንሽ ቀረኝ» ብሎ ይጽፋል። ስሙ ይሰወርለታል፤ ሆን ብሎ ካላደረገው በቀር ከቅጣትም በአብዛኛው ይድናል። እኛ ዘንድ ተቃራኒው ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሞተር ሲያገናኝ ሁለት ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) አቀያይሮ ፓምፑን ወደ ኋላ አዞረው። ወዲያው አወቀ፤ አስተካከለ። ለማንም አልተነፈሰም። ለምን? ቢናገር ደመወዙ ይቆረጣላ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ልጅ ያንኑ ፓኔል ሲነካ ያንኑ ስህተት ደገመው። የዚያን ጊዜ ግን ሻፍቱ ተፈታ። የመጀመሪያው ልጅ ተናግሮ ቢሆን ገመዶቹ ላይ ቀለም ያለው ቴፕ መጠቅለል ነበር የሚበቃው። የአንድ ቴፕ ዋጋ ስንት ነው?

እና ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሕግ አውጪ አይደለሁም። ግን የፕሮጀክት ውል የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል። ለነሱ የምላቸው አለኝ።

በነሐሴ ተሞክሮ በነሐሴ የሚፈረም የውሃ ፕሮጀክት አይቀበሉ። ማሽኑ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይየው። የመጨረሻው ክፍያ እስከ ግንቦት ይቆይ። ኮንትራክተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ። በየካቲት የጮኸው የኛ ፓምፕ ነው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ስዕል ከመጽደቁ በፊት ግቢው ውስጥ ረጅም ዕድሜ የሠራውን ሰው፣ ስቶር ይሁን ዘበኛ ቤት፣ ይዘውት ይዙሩ። አንድ ቀን ይበቃል። በእግሩ እየሄደ «ይሄ ለምን እዚህ አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። ስዕሉ ላይ የማይታይ ነገር ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው መልሱን ያግኝ። የማውቃቸው ሰዎች ስብሰባ ላይ አይናገሩም፤ ስብሰባ ላይ መናገር የሚችል ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ስታቆማቸው ግን ማን ዝም ያሰኛቸዋል!

ተካዮቹም ሲተክሉ የኛ ልጆች ቡሎን ያጥብቁ። ከጀርባ ቆሞ ማየት እኮ ሥልጠና አይባልም። እኔ ያን ጊዜ አራት ወር አብሬያቸው ስዞር በእጄ የሠራሁት አንድ ሥራ ቢኖር ያው ቡሎን መቁረጥ ነው።

ፓምፑን በመጨረሻ አወረድነው። ግድግዳውን እንደገና ፈልፍለን አዲስ ቡሎን ቀበርን። ጋሼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው በከዘራቸው እያመለከቱ አሠሩን። አሁን ግን ድሮ ያልነበረ ነገር ጨመርንበት፤ ቱቦው እንዳይፈታ እንዳይገጠም ተጣጣፊ አደረግነው። በድሮው አሠራር ማውረዱ ሙሉ ቀን ይወስድ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው በሁለት ሰዓት ያወርደዋል። ተጣጣፊውን ቱቦ ያሰበው ያ መጀመሪያ ሁለት ፌዝ ያቀያየረው ልጅ ነው። ወንፊቱን አወጣነው። ጩኸቱ ጠፋ። በዚያው ኢምፔለር ሁለተኛ በጋችንን ጨረስን።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተው ቱሉ ዲምቱ ልጃቸው ጋ ናቸው። በፋሲካ ሰሞን ስልኬን ይዤ ሄጄ ድምፃቸውን ቀዳሁ። አርባ ደቂቃ አወሩ። ግማሹ ስለ ወገባቸው ነው። ግማሹ ግን ወርቅ ነው፤ የትኛው ቫልቭ ግራ እንደሚዞር፣ የትኛው ገመድ መሬት ውስጥ የት ጋ እንደሚታጠፍ። ልነሳ ስል «ስሜን ትጽፈዋለህ?» አሉኝ። «እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ጻፍኩትም። ከቡሎኖቹ በላይ፣ ልስኑ ላይ፣ በቀይ ዘይት ቀለም፦ «እነዚህ ቡሎኖች እንዳይቆረጡ። ፓምፑ በኅዳር ይወርዳል፣ በሰኔ ይወጣል።» ከሥሩ የጋሼን ሙሉ ስም፤ ከሱ ቀጥሎ የቱቦውን ልጅ ስም። የኔን አልጻፍኩም። እኔ ቆራጩ ነኝ።

ባለፈው ሰኞ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ትእዛዝ ወረደ። የፋብሪካ ግድግዳ ላይ የግለሰብ ስም መጻፍ ክልክል ስለሆነ በነጭ ቀለም ይሸፈን ተባለ። የተመደብኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ ተገዝቶ ስቶር ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ብሩሽ የለም ብያለሁ። የአሁኑ የስቶር ሠራተኛም ፈልጎ እንዳጣ በጽሑፍ ሰጥቶኛል።

አክባሪያችሁ፣
የፓምፕና የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ፣ ከአቃቂ